«ከምግብ በፊት» ማለት ምን እንደሆነ ለእናቴ ላስረዳች ፋርማሲስት የቀረበ ምስጋና

በሲልቨር ስፕሪንግና በአካባቢው ለምትኖሩ፣ በተለይም የስኳር ሕመም ያለባቸው ወላጆች ላሏችሁ ወገኖቼ ይህን ምስጋናና ጥቆማ በአክብሮት አቀርባለሁ። የማመሰግናት ባለሙያ በሰፈራችን በሚገኝ አንድ አነስተኛ ፋርማሲ የምትሠራ ኢትዮጵያዊት ፋርማሲስት ናት። ስሟ በአደባባይ እንዳይጻፍ ስለጠየቀችኝ የእሷንም የፋርማሲውንም ስም እዚህ አላነሳም፤ በውስጥ መስመር ለሚጠይቀኝ ግን አድራሻውን በደስታ እነግራለሁ።

እናቴ 71 ዓመቷ ነው። አዲስ አበባ ሳለች ለብዙ ዓመታት ሜትፎርሚንና ግሊቤንክላማይድ የተባሉትን የስኳር ኪኒኖች ስትወስድ ቆይታ፣ ወደዚህ ከመጣች በኋላ በተደረገላት ምርመራ ኩላሊቷ መድከሙ ስለታወቀ ሐኪሟ ሁለቱንም አስቁሞ ሪፓግሊናይድ የተባለውን ኪኒን አዘዘላት። ይህ መድኃኒት ቆሽት ኢንሱሊን እንዲያመነጭ የሚያነሣሣ ሲሆን፣ ቶሎ ሥራ ጀምሮ በጥቂት ሰዓታት ውስጥ ከሰውነት ስለሚወጣ በተለይ ከምግብ በኋላ ሽቅብ የሚወጣውን ስኳር ለመግታት ይታዘዛል። ጠርሙሱ ላይ የተለጠፈው ትእዛዝ አጭር ነበር፤ በቀን 3 ጊዜ ከምግብ በፊት አንድ አንድ ኪኒን ይላል።

ይህንኑ ተርጉሜ ነገርኳት፤ ስሕተቱም ከእኔ ትርጉም ጀመረ። እኔ «ከምግብ በፊት» ስላት እናቴ የሰማችው «በባዶ ሆድ» ብዬ ነው። ኮሶ በባዶ ሆድ ሲጠጣ ላየ ትውልድ ይህ የሚያስገርም አይደለም። ስለዚህ ገና ከንጋቱ 12 ሰዓት ከመኝታዋ ስትነሣ አንዷን ኪኒን ትውጥና ጸሎቷን አድርሳ፣ ቤቱን አሰናድታ፣ ቁርሷን የምትቀምሰው ወደ 3 ሰዓት ገደማ ነበር። ዐቢይ ጾም ሲገባ ደግሞ እስከ 9 ሰዓት እየጾመች ኪኒኑን ግን አላቋረጠችም፤ ምክንያቷን ስጠይቃት «ጾሙ የእግዚአብሔር ነው፣ መድኃኒቱ የሐኪም ነው፤ አንዱን ከአንዱ አላጣላም» ብላኛለች።

ከጾሙ ዓርቦች በአንዱ ከሥራ ቀደም ብዬ ስመለስ ወጥ ቤት ወንበር ላይ ተቀምጣ፣ ነጠላዋ በላብ ርሶ፣ የምጠይቃትንም በቅጡ መመለስ ተስኗት አገኘኋት። ስለካት ስኳሯ 56 ነበር። ከ70 በታች ከሆነ ዝቅ ብሏል ተብሎ ወዲያውኑ መታከም እንዳለበት በወቅቱ በደንብ አላውቅም ነበር፤ ደግነቱ ማቀዝቀዣ ውስጥ የብርቱካን ጭማቂ ነበርና እሱን ሰጥቻት ቀስ በቀስ ወደ ራሷ ተመለሰች።

በማግስቱ መድኃኒቱን ወደ ወሰድንበት ትልቅ ፋርማሲ ሳይሆን፣ ጎረቤታችን ወደ ጠቆመችኝ ወደዚህች እኅት ሄድኩ። ለሐቅ ያህል፣ በትልቁም ፋርማሲ «ጥያቄ አላችሁ?» ተብለን ነበር፤ ሰልፉ ረጅም ስለነበር ግን «የለንም» ብለን ወጣን። እሷ ታሪኩን እስከ መጨረሻው ካዳመጠችኝ በኋላ ያለችኝ አንድ ነገር ነው፦ «ቤት ያለውን መድኃኒት ሁሉ በፌስታል ይዘሽ እማማን አምጪልኝ።»

ከፌስታሉ የወጣውን ሳይ አፈርኩ። ከአዲስ አበባ በሻንጣ የመጣው ግሊቤንክላማይድ በግማሽ ተበልቶ ተገኘ፤ ለካ እናቴ ስኳሯ ከፍ ባለ ቀን «ለማገዝ» እያለች ከአዲሱ ኪኒን ጋር ትደርበው ኖሯል። የሽፈራው ዱቄትና ጠዋት ጠዋት የምትጠጣው አብሽም አብረው ነበሩ። ፋርማሲስቷ አልተቆጣቻትም፣ አላሳቀቀቻትምም። ሁለቱ ኪኒኖች ያንኑ ቆሽት የሚያነሣሡ ስለሆኑ ተደርበው እንደማይወሰዱ፣ ግሊቤንክላማይድ ደግሞ በሰውነት ውስጥ ረጅም ጊዜ ስለሚቆይና ኩላሊት ሲደክም ይበልጥ ስለሚዘገይ ለእናቴ አደገኛ እንደሆነ በእርጋታ አስረዳቻት። አብሽም በራሱ ስኳር ዝቅ ሊያደርግ ስለሚችል ሐኪሟ እንዲያውቀው አለች። መጠኑን ግን በራሷ ሥልጣን አልነካችም፤ እዚያው እንደቆምን ወደ ሐኪሙ ቢሮ ደውላ የሆነውን ሁሉ አሳወቀች፣ ሐኪሙም በዚያው ሳምንት እናቴን አይቷት መጠኑን ቀነሰላት።

ከሁሉ በላይ የማመሰግናት ግን ቀጥሎ ስላደረገችው ነገር ነው። ሪፓግሊናይድ ከምግብ በፊት ባሉት 30 ደቂቃዎች ውስጥ የሚወሰድ ሲሆን ብዙ ጊዜ የሚመከረው 15 ደቂቃ ሲቀረው ነው። እሷ ግን መጀመሪያ ቤታችን ምግብ እንዴት እንደሚቀርብ ጠየቀች፤ እናቴ እንግዳ ከመጣ ገበታዋን ጥላ እንደምትነሣ ስትሰማ ትእዛዙን እንዲህ አድርጋ ነገረቻት፦ «እማማ፣ ምግቡ ቀርቦ እጅዎን ሊታጠቡ ሲነሡ አንዷን ይዋጡ። ምግብ ካልቀረበ ግን ኪኒኗም ከጠርሙሷ አትውጣ።» እናቴ ሁለት ጊዜ ደግማ አለችው፤ ከዚያ ወዲህ ተሳስታ አታውቅም። በልተው ከጨረሱ በኋላ ኪኒኑ መረሳቱ ትዝ ቢልስ? ያ ይታለፋል፤ በሚቀጥለው ምግብ ላይ ሁለት አድርጎ መዋጥ ፈጽሞ አይገባም። ከቡና ጋር የሚቀመሰው ዳቦና ቆሎ እንደ ምግብ ይቆጠር እንደሆነም ጠይቀናት፣ ይህን ሐኪሟ ይወስን ብላ በማስታወሻዋ ላይ ጽፋ ላከችለት።

ሰዓትን በተመለከተም እኔ ያላሰብኩትን አሰበች። የእናቴ የእጅ ሰዓት ዛሬም በኢትዮጵያ አቆጣጠር ስለሆነ፣ ወረቀት ላይ «8 ሰዓት» ተብሎ ቢጻፍ ጠዋት ይሁን ከቀትር በኋላ እንደማይለይ አውቃ፣ በካርድ ላይ በአማርኛ «ቁርስ ሲቀርብ፣ ምሳ ሲቀርብ፣ እራት ሲቀርብ» ብቻ ብላ ጻፈችላት። በካርዱ ጀርባ ደግሞ ስኳር ሲወርድ የሚደረገውን አሰፈረች፤ ከ70 በታች ከሆነ ግማሽ ኩባያ ጭማቂ ወይም 15 ግራም የሚሆን የግሉኮስ ኪኒን መውሰድ፣ ከ15 ደቂቃ በኋላ እንደገና መለካት፣ ካልተሻሻለ መድገም፣ ሲስተካከል ምግብ መብላት ይላል። ቸኮሌት ስቡ ስኳሩን ስለሚያዘገየው ለዚህ አይሆንም፤ ራሱን ለሳተ ሰው ደግሞ ምንም ነገር በአፉ ሳይሰጥ ወደ 911 መደወል ነው። እናቴ ለደም ግፊት ሜቶፕሮሎል ስለምትወስድ፣ ይህ ዓይነቱ መድኃኒት ስኳር ሲወርድ የሚታዩትን የልብ ምት መፍጠንንና መንቀጥቀጥን ሊሸፍን እንደሚችል፣ ላብን ግን ብዙ ጊዜ እንደማይሸፍን ነገረችን። ያን ዓርብ በላብ ርሳ ሳገኛት እጇ ያልተንቀጠቀጠው ለምን እንደሆነ የገባኝ ያኔ ነው።

ስለ ጾሙ አስተያየት እንድትሰጥ ብጠይቃት «እሱ የንስሐ አባታቸው ጉዳይ ነው፤ ከሐኪሙ ምክር ጋር ይውሰዱላቸው» አለች። የንስሐ አባቷም ሕመምተኛ ስለሆነች ሰዓቷን ጠብቃ እንድትበላ ፈቀዱላት፤ እናቴ ከፍስክ ምግብ እየታቀበች ሽሮና ምስሯን በጊዜው በልታ ጾሙን ፈጸመች። አሁን ምግብ ከጀመረች ከሁለት ሰዓት በኋላ ስትለካ አብዛኛውን ጊዜ ሐኪሟ ካስቀመጠው ከ180 በታች ነው፤ ዝቅ ብሎም አያውቅም።

ይህ ሁሉ ምክር የተሰጠን ያለ ምንም ክፍያ ነው። ብዙዎቻችን አናውቅ ይሆናል እንጂ፣ እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር በ1990 የወጣው የፌዴራል ሕግ ፋርማሲስቶች ለሜዲኬይድ (ገቢያቸው ዝቅተኛ ለሆኑ ሰዎች የሚሰጠው የመንግሥት የጤና መድን) ታካሚዎች ስለ መድኃኒታቸው ምክር ለመስጠት እንዲጠይቁ ያዛል፤ አብዛኞቹ ግዛቶችም ይህን ለሌሎች ታካሚዎች ጭምር አስፍተውታል። ወደ እሷ መምጣት የማትችሉ ከሆነ የፌዴራል ገንዘብ በሚቀበል ፋርማሲ ሁሉ በስልክም ቢሆን አማርኛ አስተርጓሚ በነፃ መጠየቅ መብታችሁ ነው። ልጅ ለእናቱ ሲያስተረጉም እንደ እኔ እንዳይሳሳት፣ እባካችሁ ጠይቁ።

ወደዚህች እኅት የምትሄዱ ከሆነ ቅዳሜ ጠዋት ሰልፍ ስለሚበዛ በሥራ ቀን ከሰዓት በኋላ ብትሄዱ ሰፊ ጊዜ ታገኛላችሁ። መለኪያ መሣሪያውን፣ ከአገር ቤት የመጣውን ኪኒን፣ አብሹንም ሽፈራውንም ሳትደብቁ በፌስታል ይዛችሁ፣ በሽተኛውን ራሱን ይዛችሁ ሂዱ።