ሊፍት ወይስ ጎማ? ፒካፕ ይዛችሁ ተራራ ለመውጣት ላሰባችሁ

ክረምቱ ወጣ ሲል ሐዋሳ ውስጥ ፒካፕ ያለው ሰው ሁሉ ተራራ ተራራ ይለዋል። ስልኬም መጮህ ይጀምራል። «ባሌ ልንወጣ ነው፤ መኪናዋን ከፍ ላስደርጋት ወይስ ጎማ ልቀይርላት?» መልሴ አንድ ነው፤ ጎማ። ግን ማንም አይሰማኝም። ከፍ ያለች መኪና ፎቶ ላይ ታምራለቻ! እንግዲህ ዘርዘር አድርጌ ልጻፈው።

የማወራው ስለ ሃይሉክስና ስለ መሰሎቹ ነው። ፊታቸው በሞላ (በጥቅል ስፕሪንግ)፣ ኋላቸው በባሌስትራ (በተነባበረ ብረት) የሆኑት።

ከዋጋ እንነሳ። ሰሞኑን ከአንድ ጓደኛዬ ጋር ስናጠያይቅ፣ ቶርኖ ቤት የሚሠራው ማሳደጊያ፣ ማለትም ሊፍቱ፣ ከነመግጠሚያው 18,000 ብር ተባልን። ፊት ሞላው ላይ የሚደረብ ብረትና ኋላ ከባሌስትራው ጋር የሚታሰር ብሎክ ነው፤ ሌላ ምንም የለውም። ደህና የቻይና ኤ.ቲ. ጎማ (ለአስፋልትም ለፒስታም የሚሆነው) ደግሞ አንዱ 24,000። አራቱ 96,000፣ ከነስኮርታው 120,000። 18 የት፣ 120 የት! ጓደኛዬ ሊፍቱን መረጠ።

ወጪው ግን 18,000 ላይ አልቆመም። መኪናዋ ወደ ግራ መሳብ ጀመረች። አላይመንት ቤት ሄደ፤ «ማስተካከያው ጫፍ ደርሷል፣ ከዚህ በላይ አይሄድም» አሉት፤ ገንዘቡን ግን ተቀበሉት። ሌላ ቦታ ሄደ፤ እዚያም ከፈለ። ሁለቱ አንድ ላይ 3,000። ወደ አርቤጎና ወጥተን ስንመለስ ደግሞ መሪ በዞረ ቁጥር ከፊት በቀኝ በኩል ቀጭ ቀጭ የሚል ድምፅ መጣ። ጎንበስ ብለን አየን። ቸርኬው በውስጥ በኩል ጥቁር ግራሶ ተረጭቶበታል።

ምክንያቱ ግልጽ ነው። መኪናዋ ከፍ ስትል ወደ ፊት ጎማ የሚሄደው አክስል ከልኩ በላይ ቁልቁል ይታጠፋል። መጋጠሚያውን የሚሸፍነው ላስቲክ ይለጠጣል፣ ይተሻሻል፣ በመጨረሻ ይቀደዳል። ግራሶው ወጥቶ በቦታው አሸዋና ጭቃ ይገባል። ቶሎ ቢታይ ላስቲኩን ቀይሮ መገላገል ይቻል ነበር። ብረቱ አንዴ ከተበላ ግን ወሬ የለም። ያገለገለ መጋጠሚያ ከአዲስ አበባ፣ ከሶማሌ ተራ፣ በ26,000 መጣ፤ የእጅ 4,000። ደምሩት፤ 51,000 ብር። ጎማው ግን ያው የድሮው ነው፣ ጭቃ ሲያይ የሚንሸራተተው። ሊፍቱን የገጠመው ጋራዥ «መንገዱ ነው የበላው» ብሎ እጁን ታጠበ።

ይህ ሁሉ ወጥቶ ምን ተገኘ? ተራራ መንገድ ላይ ቶሎ ድንጋይ የሚመታው ኋላ ያለው የዲፈረንሻል ኳስ ነው። ኳሱ አክስሉ ላይ ነው፤ አክስሉን የተሸከመው ደግሞ ጎማው ነው። ብሎክ ስታስገቡ ሻንሲው ይነሳል እንጂ ኳሱ ንቅንቅ አይልም። እሱን ከመሬት የሚያርቀው የጎማ ቁመት ብቻ ነው። ከ265/65 ወደ 265/70 የጎማ ልክ ብትሄዱ፣ ሁለቱም ባለ 17 ኢንች ቸርኬ ሆነው፣ ጎማው 26 ሚሊሜትር ገደማ ይረዝማል፤ ኳሱም በግማሹ፣ በ13 ሚሊሜትር ከፍ ይላል። ትንሽ ናት፤ ከሊፍቱ ዜሮ ግን ትሻላለች። የፍጥነት ቆጣሪው ከበፊቱ በ3 በመቶ ገደማ አሳንሶ እንደሚያሳይ ብቻ አትርሱ።

ሊፍት ለምንም አይሆንም አልልም። ሆዷና አፍንጫዋ ከድንጋይ ይርቃሉ። ግን ከፍ ያለች መኪና ዳገት ላይ አግድም ስትሄድ ለመገልበጥ ትቀርባለች። እኛ ሰፈር ይህን ሳይጠይቁ የሚያስገጥሙ ብዙ ናቸው።

ኤ.ቲ. ወይስ ኤም.ቲ. (ጥርሱ ትልልቅ የሆነው የጭቃ ጎማ) ለሚለው አጭር ነኝ፤ ኤ.ቲ.። በሻሸመኔ፣ በኮፈሌና በዶዶላ አድርጋችሁ ባሌ ስትሄዱ ብዙ አስፋልት አለ። ኤም.ቲ. አስፋልት ላይ ይጮሃል፣ ቶሎ ያልቃል፣ በዝናብም እንደ ኤ.ቲ. አይጨብጥም። ከጎባ በላይ፣ ከ4,000 ሜትር በላይ ወደሆነው ሳነቴ ስትወጡ የሚጠብቃችሁ ፒስታና ስለታም ጠጠር ነው፤ 4,377 ሜትር ላይ ያለው የቱሉ ዲምቱ ጫፍም በመኪና ይወጣል። እዚያ የሚያስፈልገው ጠንካራ ጎን ያለው ጎማ ነው። (በነገራችን ላይ ሳነቴ ላይ ከመንገድ ወጥቶ ሣር ላይ መንዳት ነውር ነው። ቀይ ቀበሮው የሚያድነው ፍልፈል እዚያው ሥር ነው ያለው።) ኤም.ቲ. የሚያዋጣው ዓመቱን ሙሉ ጭቃ ውስጥ ለሚውል ሰው ነው።

አሁን ገበያው። ከሐምሌ 2016 ዓ.ም. ወዲህ፣ የምንዛሪ ተመኑ በገበያ ይወሰን ከተባለ ጀምሮ፣ ሻጭ ሁሉ «ነገ ይጨምራል» ነው የሚላችሁ። በዚህ ተጣድፋችሁ አሮጌ ጎማ በአዲስ ዋጋ እንዳትገዙ። ጎኑ ላይ ዲ.ኦ.ቲ. ከሚሉት ፊደላት ኋላ ያሉትን የመጨረሻ አራት አሃዞች አንብቡ። 2319 ካለ በፈረንጆቹ 2019፣ በ23ኛው ሳምንት የተሠራ ነው። ካላያችሁት በሌላው ጎን ፈልጉ፤ አንዳንዴ በአንድ ወገን ብቻ ነው የሚጻፈው።

ከሁሉ የሚብሰው ያለቀ ጎማ በጋለ ብረት ጥርስ ወጥቶለት፣ ቀለም ተቀብቶ «ያገለገለ ግን ንጹሕ» ተብሎ የሚሸጠው ነው። በጥርሶቹ መሃል ቦዩ ውስጥ ጣታችሁን አስገቡ። ማለቁን የሚያሳዩ ትንንሽ ጉብታዎች መኖር አለባቸው። ጉብታው ከሌለ ወይም በመሃሉ ተቆርጦ ካለፈ፣ በርካሽም ቢሆን ይቅርባችሁ። እንዲህ ያለ ጎማ ቁልቁለት ላይ ሲፈነዳ ጎሚስታ አጠገባችሁ አይኖርም።

120,000 አይሞላልኝም ለምትሉ፣ የቁመት ለውጡን ተዉትና በድሮው ልክ አራት ኤ.ቲ. ግዙ፤ 96,000። ከአሮጌዎቹ ደህናው ስኮርታ ይሁን። ቁመት ከቀየራችሁ ግን አምስተኛውም የግድ ነው፤ ፎር ዊል አስገብቶ በተለያየ ቁመት መንዳት ዲፈረንሻል ይበላል። ጭቃ ላይ የጎማውን አየር ወደ 20 ፒ.ኤስ.አይ. ዝቅ ማድረግ ደግሞ በነጻ ነው፤ አስፋልት ከመግባታችሁ በፊት መልሳችሁ ሙሉት።

አይ፣ ሊፍት ካላደረግኩ አይሆንልኝም የምትሉ ካላችሁ፣ ሙሉ ሞላ፣ ባሌስትራና ሾክ አብዞርበር አብሮ የሚመጣበትን ግዙ፤ እኛ ስንጠይቅ ከ200,000 በላይ ነበር። ከሁለት ኢንች አትለፉ፣ የፍሬን ቱቦው እንዳይወጠር አስፈትሹ። ብሎክ በብሎክ ላይ ደርቦ የሚያስር ጋራዥ ካያችሁ ቁልፋችሁን ተቀብላችሁ ውጡ።