የጎማ ሰንሰለት በወሎ ጭቃ፦ ከክረምት እስከ በልግ በቪትዝ ላይ የታየ

ካለፈው ሐምሌ ጀምሮ በቪትዝ መኪናዬ የምጠቀምበት የጎማ ሰንሰለት፣ ማለትም እንዳይንሸራተት በመኪና ጎማ ላይ የሚታሰር የብረት ሰንሰለት፣ የተሠራው ለአውሮፓ የበረዶ መንገድ ነው፤ እኔ የገዛሁት ግን ለዋልካ ጭቃ ነው። የእንስሳት መድኃኒት ይዤ ከደሴ ወደ ኩታበርና ወደ ጉጉፍቱ አቅጣጫ ስለምመላለስ፣ ከዋናው መንገድ ተገንጥለው ወደ ገጠር ቀበሌዎች የሚገቡት ኮረኮንቾች ዝናብ ሲበረታ ለትንሽ መኪና ምን ያህል እንደሚከብዱ ሥራዬ አስተምሮኛል። ፎር ዊል መግዛት ከአቅም በላይ ለሆነበት፣ ሥራው ግን ክረምት ከበጋ ሳይል ከአስፋልት ለሚያስወጣው ሰው ይጠቅማል ብዬ ይህን ጽፌያለሁ።

ፍርዴን አስቀድሜ ልናገር። ሰንሰለቱ የተያዘ መኪና ከጭቃ ያወጣል፣ ዳገትም ያስወጣል፤ ቁልቁለት ላይ ግን ልንተማመንበት አይገባም። ምክንያቱ የመኪናው አሠራር ነው። በቪትዝ ሞተሩ የሚያሽከረክረው የፊት ጎማዎችን ብቻ ስለሆነ ሰንሰለቱም የሚታሰረው በፊት ጎማዎች ላይ ነው። ሽቅብ ሲወጣ የሚፈለገው የሚጎትተው ጎማ መሬት እንዲቆነጥጥ ስለሆነ ይህ በቂ ነው። ቁልቁል ሲወረድ ግን ፍሬን በተያዘ ቁጥር የፊቱ መሬት ሲቆነጥጥ፣ ሰንሰለት የሌለው የኋላው ይንሸራተትና መኪናው ኩርባ ላይ በጎን ሊዞር ይችላል። ስለዚህ ጭቃ የሆነ ቁልቁለት ላይ መኪናውን በአንደኛ ማርሽ እየያዝኩ፣ ፍሬኑን ለስለስ አድርጌ ብቻ እየነካሁ እወርዳለሁ።

አመራረጡ ከጎማው ጎን ላይ ከታተመው ቁጥር ይጀምራል። የእኔ 165/70 አር 14 ነው፤ 165 የጎማው ወርድ በሚሊ ሜትር፣ 70 የጎኑ ከፍታ ከወርዱ አንጻር በመቶኛ፣ 14 ደግሞ የቸርኬው ልክ በኢንች ነው። በሰንሰለቱ ሣጥን ላይ ይህ ቁጥር ካልተጻፈ ሻጩ «ግድ የለም፣ ይገባል» ቢልም መተው ይሻላል፤ ልኩ ያልሆነ ሰንሰለት ላልቶ እየተወራጨ ፓራፋንጎውን ይበላል፣ ሲብስም የፍሬን ቱቦውን ይመታል። ሁለተኛው ጉዳይ በጎማውና በአሞርዛቶሪው መካከል ያለው ክፍተት ነው። መሪውን እስከ ጥግ አዙሬ ጣቴን ከጎማው ጀርባ ሳስገባ በጭንቅ ነው ያለፈልኝ፤ ስለዚህ ወፍራሙን ትቼ በጎማው ላይ 9 ሚሊ ሜትር ብቻ የሚጨምረውን መረጥኩ። ለትንንሽ መኪናዎች የተለመዱት ባለ 9 እና ባለ 12 ሚሊ ሜትር ሲሆኑ፣ 16 ሚሊ ሜትሩ የሚበጀው ለከባድና ሰፊ ክፍተት ላላቸው መኪናዎች ነው። የጨርቅ ሽፋን የሚባለውም በሽያጭ ላይ አለ፤ እሱ ግን ለበረዶ ብቻ የታሰበ ስለሆነ ጠጠር ይቀደዋል።

ብዙ ያሰብኩት በቅርጹ ላይ ነው። የመሰላል ቅርጽ ያለው ሰንሰለት ጎማውን ከዳር እስከ ዳር ብቻ ስለሚያቋርጥ በመካከሉ ሰፊ ክፍተት ይተዋል፤ ጭቃም በቀላሉ ይረግፍለታል፣ ወደ ጎን መንሸራተትን ግን እምብዛም አይከላከልም። የአልማዝ ቅርጽ ያለው በሰያፍ ስለሚጠላለፍ ወደ ፊትም ወደ ጎንም ይይዛል። የገጠር መንገዶቻችን መሐላቸው ጎብጦ ወደ ሁለቱም ቦይ ያዘቀዘቁ ስለሆኑ፣ ለእኔ የከፋው አደጋ መቆም ሳይሆን ወደ ቦዩ መንሸራተት ነው፤ በዚህም የአልማዙን ወሰድኩ። ወራት ካለፉም በኋላ ምርጫውን አልቀይረውም፤ ጉድለቱ ግን ግልጽ ነው። ጥቁሩ ዋልካ ርሶ ሳይላቆጥ፣ ማለትም ዝናቡ ካባራ በኋላ ጠጥሮ እንደ ሊጥ ሲጣበቅ፣ በሰንሰለቱ ክፍተቶች ገብቶ ይሞላቸዋል፤ ያን ጊዜ ጎማው ድቡልቡል የጭቃ ኳስ ሆኖ ሰንሰለቱ ጨርሶ አይታይም። ነዳጅ ሰጥቶ ጎማውን በኃይል ማሽከርከር ጭቃውን ሊያራግፍ ይችላል፣ ነገር ግን ጎማው ድንገት ድንጋይ ሲነክስ ሰንሰለቱ ይበጠሳል። እኔ ወርጄ በእንጨት እየፈለቀቅኩ ማራገፉን እመርጣለሁ። ቀጭን ጭቃና ጭቃ የለበሰ ጠጠር ላይ ግን፣ የአገሬው ሰው ድንጋይና ቅጠል እየጎዘጎዘ ሲያስወጣኝ የነበረባቸውን ቦታዎች ያለ ማንም እርዳታ አልፌአለሁ።

ለተሠራበት ሥራ ቅርብ የሆነ ሁኔታ ያገኘሁት በጉጉፍቱ በኩል ነው። ከባሕር ጠለል በላይ ከ3,000 ሜትር በሚበልጠው በዚያ ደጋ በረዶ ሲዘንብ መንገዱን ነጭ አድርጎ ይሸፍነዋል፣ ቶሎም አይቀልጥም። እዚያ ላይ ሰንሰለቱ ያለ እንከን ሠርቷል፤ መሪው ታዘዘ፣ የፊቱም አልተንሸራተተም።

አሳሰሩ ትዕግሥት ይጠይቃል። መኪናው ጭቃው ውስጥ ከመግባቱ በፊት፣ ደረቅ ቦታ ላይ ሳለ መታሰር አለበት፤ ከሰመጠ በኋላ የኋለኛውን መቆለፊያ ለማግኘት እጅን እስከ ክርን ጭቃ ውስጥ መክተት ግድ ይሆናል። ቀለበቱን ከጎማው ጀርባ አሳልፎ ከላይ ማያያዝ፣ የፊቱን መንጠቆ መቆለፍ፣ ከዚያ ማጥበቅ ነው ሥራው፤ ክሪክ አያስፈልገውም። ከ100 ሜትር ያህል ጉዞ በኋላ ቆሞ እንደገና ማጥበቅ የግድ ነው፣ ምክንያቱም ሰንሰለቱ በጉዞ ላይ ቦታውን ይዞ ይላላል። ጭቃ ለማለፍ የጎማ አየር መቀነስ የለመደ ሰው ሰንሰለት ሲያስር ይህን ይተው፤ ጎማው ሲረግብ ሰንሰለቱ ይላላል። ፍጥነቱም በሰዓት ከ50 ኪሎ ሜትር መብለጥ የለበትም፤ በእኛ ኮረኮንች ላይ 20ም ይበቃል።

ከደሴ ኮምቦልቻ 25 ኪሎ ሜትር ያህል ባለው መንገድ ላይ ይህ ዕቃ ቦታ የለውም። 600 ሜትር ያህል ቁልቁል በሚጠማዘዘው በዚያ አስፋልት፣ በዝናብና በጉም ጊዜ መኪናውን የሚይዘው የጎማው ጥርስ ነው፤ ብረት አስፋልት ላይ ይንሸራተታል፣ ራሱም ተፍቆ ያልቃል። ብዙ አገሮች የሚፈቅዱት ዝቅተኛው የጥርስ ጥልቀት 1.6 ሚሊ ሜትር ቢሆንም፣ እርጥብ መንገድ ላይ ጎማ ከ3 ሚሊ ሜትር በታች ሲያልቅ መያዙ በእጅጉ ይቀንሳል። ገንዘቡ ለአንዱ ብቻ የሚበቃ ከሆነ አዲስ ጎማ መቅደም አለበት።

ስለ ጥንካሬው፦ የብረቱ ክፍል ላይ በጠጠር የተፋቀ ምልክት እንጂ የተሰነጠቀ ቀለበት የለም። ማጥበቂያው ላስቲክ ግን በፀሐይ ደርቆ ተሰነጣጥቋል፤ ጎሚስታው ከአሮጌ ከመነዳሪ ቆርጦ ተካልኝ፣ እስካሁንም ይዞልኛል። ከተጠቀምኩበት በኋላ አጥቤ፣ አድርቄ፣ በጥቂት ዘይት አብሼ ካላስቀመጥኩት በማግሥቱ ዝገት ይጀምረዋል። ሃይሩፍ ወይም ሌላ የኋላ ጎማዎቹ የሚገፉት መኪና ያለው ሰው ሰንሰለቱን በኋላ ጎማዎች ላይ እንደሚያስርና በዚያ ጊዜ ሳይታሰሩ የሚቀሩት መሪውን የሚታዘዙት የፊት ጎማዎች እንደሆኑ አስቦ፣ ኩርባ ላይ ከእኔም በላይ ቀስ ብሎ ይንዳ።