ትንሿ የላስቲክ ግሪንሃውስ ከመስከረም እስከ ነሐሴ፦ ስድስት ኪሎ ካለው ግቢያችን

ባለፈው መስከረም የገዛኋት ባለ 4 መደርደሪያ የላስቲክ ግሪንሃውስ (አትክልት የሚጠለልባት የላስቲክ ቤት) በጋውንም፣ በልጉንም፣ ክረምቱንም አይታለች። አሁን ነሐሴ ላይ ስለሷ አፌን ሞልቼ መናገር እችላለሁ። ጥሩ ዕቃ ናት። ግን እዚህ አገር የምትጠቅመው ካርቶኗ ላይ ለተሳለው ሥራ አይደለም።

ካርቶኑ ላይ ያለው ሥዕል የፈረንጅ አገር ነው። እዚያ ብርዱ ወራት ይቆያል፣ ቀኑም ያጥራል። አትክልቱን ውስጥ አስገብተው ዘግተው ያሳልፉታል። አዲስ አበባ ግን ከባሕር ወለል በላይ ከ2,300 ሜትር በላይ ላይ ያለች፣ ለምድር ወገብም ቅርብ የሆነች ከተማ ናት። በረጅሙና በአጭሩ ቀናችን መካከል ያለው ልዩነት አንድ ሰዓት ገደማ ብቻ ነው። ብርዳችን የሌሊት ብርድ ነው። ኅዳርና ታኅሣሥ ላይ ቀን 23 ዲግሪ የነበረው፣ ሊነጋጋ ሲል 7 እና 8 ይገባል። ሰው “በጥቅምት አንድ አጥንት” ብሎ ብርዱን ይችለዋል። ቃሪያና ቲማቲም ግን መጠለያ ይፈልጋሉ። ስለዚህ ግሪንሃውሷ እኛ ጋ የሌሊት ልብስ ናት። ጠዋት መውለቅ አለባት።

ስፋቷ 70 ሳንቲ ሜትር፣ ጥልቀቷ 50፣ ቁመቷ 160 ገደማ ነው። ቀጫጭን የብረት ቱቦዎች፣ የፕላስቲክ መገጣጠሚያዎች፣ የሽቦ መደርደሪያዎች፣ ከላይ ደግሞ ሁለት ዚፕ ያለው ላስቲክ። ለመግጠም መፍቻ እንኳ አያስፈልግም። መርካቶ 6,000 ብር ገደማ ከፍዬባታለሁ።

ያቆምኳት ከግቢያችን የድንጋይ አጥር ሥር፣ ፊቷን ወደ ደቡብ አድርጌ ነው። ይህ ነገር ከዕቃው ጥራት በላይ ለውጥ ያመጣል ብዬ አምናለሁ። ከመስከረም እስከ መጋቢት ፀሐይ ወደ ደቡብ ታዘነብላለች። ድንጋዩ ቀኑን ሙሉ ሲሞቅ ይውልና ማታ ሙቀቱን ይመልሳል። ቤቷን ከአጥሩ ጋር በሽቦ ማሰርም ግዴታ ነው። ባዶዋን በጣም ቀላል ስለሆነች የየካቲት ንፋስ ይዟት ይሄዳል።

የሌሊቱን ነገር በቴርሞሜትር ስከታተለው ከረምኩ። ላስቲኩ ብቻውን የሚጨምረው 1 ወይም 2 ዲግሪ ነው። ስስ ላስቲክ ሙቀት አይዝም፣ አየሩ ወዲያው ይቀዘቅዛል። ለውጥ የሚያመጣው ውሃ ነው። ባዶ የሃይላንድ ጠርሙሶችን ጥቁር ቀለም ቀብቼ፣ ውሃ ሞልቼ፣ ታችኛው መደርደሪያ ላይና ከኋላ ደረደርኳቸው። ውሃ ቀን የጠጣውን ሙቀት ሌሊት ቀስ እያለ ይለቃል። ማታ 12 ሰዓት ላይ አሮጌ ብርድ ልብስ ሳለብሳት ደግሞ ውጭው 8 ሲሆን ውስጡ 11 እና 12 ላይ ይቆያል። ለቃሪያ ችግኝ ይህች ልዩነት ትልቅ ናት። ውጭ መደብ ላይ የዘራሁት ገና አፈሩን ሳይሰነጥቅ፣ የውስጡ ሁለት ቅጠል አውጥቶ ነበር።

ጠዋት ሌላ ሥራ አለ። 3 ሰዓት ላይ በሩን ጠቅልሎ መክፈት ነው። ተዘግታ ከዋለች 5 ሰዓት ሳይሞላ ውስጧ ከ40 ዲግሪ ያልፋል፤ የቲማቲም አበባም በዚያ ሙቀት ፍሬ ሳይዝ ይረግፋል። በማለዳ የምወጣበት ቀን ሲኖር የምትከፍትልኝ ግቢ የምንጋራት እማማ ናት። “ልጄ፣ ዛሬ አልከፈትሽላቸውም እንዴ?” ትለኛለች፣ መልሴን ሳትጠብቅ ዚፑን እየሳበች። እንዲህ የሚያግዝ ሰው የሌለው፣ በጊዜ ወጥቶ ማታ የሚገባ ሰው ከመግዛቱ በፊት ያስብበት።

ንጋት ላይ ቀረብ ብላችሁ ላስቲኩን ከውስጥ እዩት። ጤዛው ጥቃቅን ሆኖ ይጀምርና እርስ በርሱ እየተጋጠመ ይወፍራል። ከዚያ የጣሪያውን እጥፋት ተከትሎ ይወርድና ሁልጊዜ አንድ ቦታ ላይ ጠብ ይላል። እኔ ጋ የሚንጠባጠበው የቲማቲሙ አናት ላይ ነበር። ቅጠሉን እያጠቆረ የሚያደርቀው በሽታ የሚወደው ይህንኑ ነው፤ ቀዝቀዝ ያለ አየርና ለሰዓታት እርጥብ የሆነ ቅጠል። አሁን ጠዋት ስከፍት መጀመሪያ ጤዛውን በጨርቅ እጠርገዋለሁ። ማታም ከላይ ጣት የምታስገባ ክፍተት እተዋለሁ። ትንሽ ሙቀት ይሄዳል፣ ግን ይሻላል።

ቲማቲም ለማብቀል መካከለኛዎቹን መደርደሪያዎች ማውጣት ያስፈልጋል፤ አለዚያ ቦታ አይበቃውም። በተቆረጠ የዘይት ጀሪካን ተክዬ ታች አስቀመጥኩት። ውስጥ ንፋስ ስለማይገባ አበባው ሲፈነዳ ግንዱን በጣት መታ መታ ማድረግ ጥሩ ነው። ቲማቲም ራሱን በራሱ ያዳቅላል፣ የሚፈልገው መነቅነቅ ብቻ ነው። ለጥምቀት የደረሰውን ስቆርጥ የነበረኝን ደስታ አልረሳውም።

በበልግ ራስ ምታቴ ክሽክሽ የሚባለው ጥቃቅን የቅጠል ተባይ ነበር። የቆስጣው ቅጠል ከሥሩ ሙሉ በሙሉ በክሽክሽ ተሸፈነ። ውጭ ቢሆን ዝናብ ያጥበዋል፣ የሚበሉት ነፍሳትም ይመጣሉ። ውስጥ ግን ማንም አይደርስበትም። በሳሙና ውሃ ቅጠሉን ከሥር እየረጨሁ ተቆጣጠርኩት።

ክረምቱ ሌላ ዓለም ነው። ሰኔ ላይ ፀሐይ ከአናታችን አልፋ ወደ ሰሜን ትሄዳለች፣ ያ ሲጠቅመኝ የነበረው አጥር አሁን ጥላ ይጥልብኛል። ደመናው ሲጨመር ቲማቲም አይሞከርም። ሰላጣ፣ ቆስጣና ድንብላል ግን ተመቻቸው። በሯን ቀኑን ሙሉ ክፍት አድርጌ እንደ ጃንጥላ ብቻ ተጠቀምኩባት። ሐምሌ ላይ በረዶ የወረደ ቀን ውጭ የነበረው ጎመን ቅጠሉ ወንፊት ሲሆን፣ ውስጥ ያለው ሰላጣ አንድም ቀዳዳ አልነበረውም። ጤና አዳምና የጥብስ ቅጠል ውስጥ ቦታ አያባክኑ፣ ውጭ ይችሉታል።

ወደ ጉዳቷ ልምጣ። መጀመሪያ የሄደው ዚፑ ነው። በየቀኑ የሚከፈት ነገር ላይ እንዲህ ያለ ደካማ ዚፕ ማድረግ ያናድዳል። ሰፈር ያለ ልብስ ሰፊ በጠንካራ ዚፕ ቀየረልኝ፤ አሁን በየጊዜው ጥርሱን ሻማ እቀባዋለሁ። ቀጥሎ ላስቲኩ ነው። ደብዝዞ ቢጫ ሆኗል፣ የጋለ ቱቦ በሚነካበት ቦታ ሁሉ ተሰነጣጥቋል። ከፍታ በየ1,000 ሜትሩ ሲጨምር የፀሐይ አልትራቫዮሌት ጨረር 10 በመቶ ገደማ ይጨምራል፤ እኛ ጋ ያለ ላስቲክ ቶሎ የሚያረጀው ለዚህ ነው። ቱቦውን በጨርቅ መጠቅለል ዕድሜውን ያረዝማል፣ ገና ሲገጠም ቢደረግ ይመረጣል። የሸጠልኝ ሱቅ ሽፋኑን ለብቻው አይሸጥም። ይህ በእውነት ቅር ያሰኘኛል፤ ገዢው ለአንድ ላስቲክ ብሎ ሙሉ ዕቃ እንዲገዛ ማድረግ ተገቢ አይደለም። የቱቦዎቹ ጫፍ ክረምቱ ላይ ትንሽ ዝጓል፣ ግን አጽሟ ጠንካራ ነው።

አንድ ያልጠበቅኩት ጥቅም ውሃ ነው። በፈረቃ ለምናገኝ ሰዎች ከሮቶ የሚቀዳው እያንዳንዱ ጆግ ዋጋ አለው። ውስጥ ያለው አፈር እርጥበቱን ስለሚይዝ በበጋ የማጠጣው ከውጭው በግማሽ ያነሰ ነበር።

የምትፈልጉት ጎመንና ቆስጣ ብቻ ከሆነ ገንዘባችሁን አታውጡ፣ የአዲስ አበባ አየር ለነሱ ይበቃል። ቃሪያ፣ ቲማቲምና የራሳችሁን ችግኝ ማፍላት ከፈለጋችሁ ግን ግዙ። ስትገዙ ጣሪያዋ ሾጠጥ ያለ ይሁን፣ ጠፍጣፋው ላይ ውሃ ይቋጥራል። ላስቲኩ ውስጥ መረብ ያለበትን ምረጡ። ዚፑን እዚያው ሱቁ ውስጥ ደጋግማችሁ ክፈቱና ዝጉት። እኔ አጽሟን ይዤ እቀጥላለሁ፤ ለአበባ እርሻ የሚውለውን፣ ፀሐይ የሚችለውን ወፍራም ላስቲክ በሜትር ገዝቼ ለዚያው ልብስ ሰፊ እሰጠዋለሁ። የቃሪያው ዘር ከመዘራቱ በፊት መድረስ አለበት።