ታድሶም ሲሞቅ የሚረብሽ ሮታሪ፦ ከአርኤክስ-8 ጋር ያሳለፍኳቸው ወራት

ሮታሪ ሞተሩ ወርዶ ሙሉ በሙሉ የታደሰ ማዝዳ አርኤክስ-8 መኪና መንዳት ከጀመርኩ ወራት ተቆጥረዋል። ፍርዴን አስቀድሜ ልናገር፦ ሞተሩ አሪፍ ነው፤ ለእድሳቱም አልቆጭም። በመጀመሪያዎቹ ሳምንታት ጸባዩን ያየ ሰው ግን እድሳቱ ከሽፏል ብሎ ይፈርድ ነበር።

ጠዋት ቁልፍ ሳዞር ወዲያው ይነሳል፣ ድምፁም ለስላሳ ነው። ሙቀቱ መሃል ላይ ደርሶ መብራት ሲይዘኝ ነገሩ ይቀየራል። ሚኒሞው (ነዳጅ ሳልሰጠው ሞተሩ የሚዞርበት ዝቅተኛ ዙር) ይወርዳል፣ የአርፒኤም (የሞተር ዙር) መርፌው ይዋልላል፣ መሪው እጄ ላይ ይንቀጠቀጣል። ከኋላ ያልተቃጠለ ቤንዚን ይሸታል። ነዳጅ ስሰጠው እየተንተባተበ ነው የሚወጣው።

ሮታሪ ፒስቶንም ባልቦላም የለውም። እዚህ ሞተር ውስጥ የሚዞሩት ባለ ሦስት ማዕዘን ሁለት ሮተሮች ናቸው፤ እያንዳንዳቸው 654 ሲሲ፣ በድምሩ 1308። የፋሻን ሥራ፣ ማለትም ግፊት እንዳያመልጥ መዝጋትን፣ የሚሠራው በየማዕዘኑ ጫፍ ላይ ያለው «ኤፔክስ ሲል» የሚባል ማጥበቂያ ነው። ስለዚህ ሮታሪ ሲሞቅ ባስቸገረ ቁጥር ሁሉም ጣቱን ወደ ሲሉ ይቀስራል። ዘይት ሲሞቅ ይቀጥናል፤ የደከመ ሲልም ግፊት ያመልጠዋል። ግን ግፊት ያጣ ሮታሪ ዋናው ምልክቱ ሌላ ነው። ሞቆ ከጠፋ በኋላ አልነሳም ይላል፤ ሞተሪኖው ይዞራል፣ ይዞራል፣ እሱ ወይ ፍንክች። የኔ ሞቆም ቢሆን ወዲያው ይነሳል።

ያም ሆኖ በግምት አይኬድም። መጀመሪያ ያስደረግኩት የግፊት ልኬት ነው፣ ሞተሩ ትኩስ እንዳለ። ለፒስቶን ሞተር የተሠራው ተራ መለኪያ እዚህ ያሳስታል። በአንድ ሮተር ሦስት ጎኖች ከሚፈጠሩት ሦስት ክፍሎች ትልቁን ግፊት ብቻ ይዞ ይቀራል፣ የደከመውን ይደብቃል። ሦስቱንም ለየብቻ የሚያነብ የሮታሪ መለኪያ ያስፈልጋል። ውጤቱ የሚነጻጸረው በደቂቃ 250 ዙር ላይ ሲሆን፣ የዚህ ሞተር ዝቅተኛ ወሰን 680 ኪሎፓስካል ነው። የኔ ስድስቱም ክፍሎች ከወሰኑ በላይ ሆኑ፤ እርስ በርሳቸውም ተቀራራቢ ናቸው። እድሳቱ ደህና ነው ማለት ነው።

ቀጣዩ ተጠርጣሪ እሳቱ ነበር። ለእያንዳንዱ ሮተር ሁለት ካንዴላ፣ ለእያንዳንዱ ካንዴላ የራሱ ኮይል (ለካንዴላው ከፍተኛ ቮልቴጅ የሚሰጠው ጥቅል ሽቦ) አለ። የፒስቶን ሞተር ካንዴላ በሁለት ዙር አንዴ ሲያስፈልግ፣ የሮታሪው በየዙሩ መተኮስ አለበት። ኮይሉ እጥፍ ይሠራል፣ ያውም ሞተሩ አጠገብ እየተጠበሰ። የደከመ ኮይል ደግሞ ሲሞቅ ነው የሚብስበት፤ የሽቦው ተቃውሞ ይጨምራል፣ እሳቱ ይሳሳል። ሞተሩን ያደሱልኝ ሰዎች የገጠሙት የድሮዎቹን ኮይሎች ነበር። ሳወጣቸው የአንዱ ሆድ ተነፍቶ፣ መዝጊያው ሙጫ ፀጉር የሚያክል ስንጥቅ አውጥቷል። የሱ ካንዴላ ጥቁርና እርጥብ ነበር። ለማረጋገጥ ያንን ኮይል ከሌላው ሮተር ኮይል ጋር አቀያየርኩት። በስካነሩ (የመኪናውን ኮምፒውተር በሚያነበው መሣሪያ) ላይ የፊተኛው ሮተር ሚስፋየር (ቤንዚኑ በትክክል ያለመቃጠል) ኮድ ወደ ኋለኛው ተዛወረ። ከዚህ በላይ ማስረጃ አያስፈልግም። አራቱንም ኮይሎች፣ ከነኬብላቸውና ከነካንዴላቸው፣ በአዲስ ቀየርኩ።

ይህን ምልክት ያየ ሰው ነገ ዛሬ እያለ መንዳት የለበትም። ያልተቃጠለው ቤንዚን ካታሊስት (ጭሱን የሚያጣራው የጭስ ማውጫ ክፍል) ውስጥ ገብቶ ይነድና ውስጡን ያቀልጠዋል። የተዘጋ ካታሊስት ደግሞ ሙቀቱን መልሶ ወደ ሞተሩ ነው የሚገፋው፤ ያኔ አዲሱ ሲልም አይተርፍም።

ከዚያ በኋላ አብዛኛው ረብሻ ጠፋ፤ ሚኒሞው ላይ ግን ትንሽ መዋለል ቀረ። ስካነሩ ኮምፒውተሩ በሚኒሞ ላይ ቤንዚን እየጨመረ መሆኑን ያሳያል፤ ዙሩ ከፍ ሲል ጭማሪው ወደ ዜሮ ይጠጋል። ይሄ አየር የሚስብ ቦታ እንዳለ የሚናገር ምልክት ነው። ጭስ አስገብተን ስናየው በአየር መሳቢያው ጓርኒሲዮን (በመጋጠሚያው መሃል የሚገባው ማሸጊያ) ጥግ በኩል ቀጭን ሆኖ ወጣ። ሞተሩ ሲቀዘቅዝ ቤንዚን በብዛት ስለሚረጭ ትርፉ አየር አይታወቅም፤ ሲሞቅ ነው የሚያጋልጠው። ጓርኒሲዮኑ ተቀየረ፣ ኮምፒውተሩም እንደ አዲስ እንዲማር ትውስታው ተሰረዘ። አርኤክስ-8 ላይ ይህ ያለ መሣሪያም ይቻላል፦ ቁልፉን ኦን ላይ አድርጎ፣ ሞተሩን ሳያስነሱ፣ በ8 ሰከንድ ውስጥ ፍሬኑን 20 ጊዜ መርገጥ ነው።

አሁን መብራት ላይ ስቆም መርፌው ቀጥ ብሎ ይቆማል። ዙሩ ሲወጣ ያለው ልስላሴ ከፒስቶን ሞተር አይገኝም፤ ለሱ ስል ነው ይህን ሁሉ የምታገሰው። ሮታሪ ትዕግሥት ይጠይቃልና። ሲሎቹን ለማለስለስ ሆን ብሎ ዘይት ስለሚያቃጥል፣ ቤንዚን በቀዳሁ ቁጥር የዘይቱን ልክ አያለሁ። ቀዝቃዛውን አስነስቼ፣ ትንሽ አንቀሳቅሼ ወዲያው አላጠፋውም፤ በቤንዚን ይታፈናል። ከታፈነ ነዳጅ መስጫውን እስከ ታች ረግጦ ሞተሪኖውን ማዞር ነው፤ እንደዚያ ሲሆን ቤንዚን መርጨት ያቆማል።

ሮታሪ ሊያሳድስ ያሰበ ሰው ኮይልና የመሳቢያ ጓርኒሲዮን ከሥራው ጋር አብረው በአዲስ እንዲገቡ አስቀድሞ ይዋዋል። ሲረከብም ሞተሩ ትኩስ እንዳለ የተለካውን የስድስቱን ክፍሎች ግፊት በወረቀት ይቀበል።