ለፀጉርና ለቆዳ ተብሎ የሚሸጠውን የሦስት ወር ጥቅል አትግዙ

በደብረ ብርሃን፣ በደብረ ሲናና በሸዋ ሮቢት የምትኖሩ እህቶች፣ በተለይም ከወሊድ በኋላ ፀጉራችሁ የሚረግፍባችሁ፣ እባካችሁ ገንዘብ ከመላካችሁ በፊት ይህን አንብቡ። ሰሞኑን በቴሌግራምና በየፀጉር ቤቱ «የፀጉር፣ የቆዳና የጥፍር ቫይታሚን» የተባለ የሦስት ወር ጥቅል ይሸጣል። ሦስቱ ብልቃጥ 7,500 ብር ነው። ክፍያው በቅድሚያ፣ በቴሌብር፣ በግለሰብ ስም ነው፤ ደረሰኝ ብሎ ነገር የለም። ዕቃው ከአዲስ አበባ በሚመጣ ሚኒባስ ይላክና ገዢዋ መናኸሪያ ሄዳ ትቀበላለች። «በ15 ቀን ለውጥ ካላያችሁ ገንዘባችሁ ይመለሳል» የሚል ቃል ደግሞ ከማስታወቂያው ሥር ተጽፏል።

የእህቴ ልጅ ይህን ቃል አምና ገዛች። ከወለደች አራተኛ ወሯን ይዛ ነበር፤ ፀጉሯ በማበጠሪያ ሙሉ ይወጣል። አሥራ አምስቱ ቀን አልፎ ምንም ለውጥ ስታጣ ሻጯን ጠየቀች። «የኔ እናት፣ ሰውነትሽ ገና እየጸዳ ነው፣ ሁለተኛውን ብልቃጥ ጀምሪ» አለቻት። ገንዘቤን መልሱልኝ ስትል ግን የሚመለሰው ያልተከፈተ ብልቃጥ ብቻ እንደሆነ ተነገራት። ያልተከፈተ ብልቃጥ እንዴት ተደርጎ ለውጥ እንደሚታይበት የነገራት የለም። ደጋግማ ስትጽፍ ጭራሽ መልእክቷ እንዳይደርስ ዘጉባት።

ብልቃጡን ተቀብዬ አየሁት። የአገልግሎት ጊዜው የሚያበቃበት ቀን ያለበት ቦታ ላይ ሌላ ትንሽ ወረቀት ተለጥፏል። ጥጉን በጥፍሬ ሳነሳው ከሥሩ ያለው ቀን ተፍቆ ጠፍቷል፤ የቀረው የቀለም ጭላጭ ብቻ ነው። የምርት መለያ ቁጥር የለውም፤ የአስመጪው ስምም የለም። ፊት ለፊት ግን በወርቃማ ቀለም «10,000» ተጽፏል፤ የምን 10,000 እንደሆነ የሚናገር ቃል አጠገቡ የለም። ለማወቅ ብልቃጡን አዙሮ በደቃቁ ፊደል መፈለግ ያስፈልጋል፤ 10,000 ማይክሮግራም ባዮቲን ነው።

የባዮሎጂ መምህርት ነኝና በዚህ ቁጥር ላይ ትንሽ ልቆይ። ባዮቲን ከቢ ቫይታሚኖች አንዱ ነው። ለአዋቂ ሰው በቀን የሚበቃው 30 ማይክሮግራም ገደማ ሲሆን፣ ከተቀቀለ እንቁላል፣ ከጉበት፣ ከኦቾሎኒና ከመሳሰሉት ይገኛል። አንዷ ክኒን ከዚህ 300 እጥፍ በላይ ይዛለች ማለት ነው። እጥረቱ ራሱ ብዙም የማይታይ ነገር ነው፤ እጥረት የሌለበት ሰው የሚውጠው ትርፍ በአብዛኛው በሽንት ይወጣል። ብሩም አብሮት ይወጣል።

ታዲያ «ተጠቀምኩና ፀጉሬ ተመለሰ» የሚሉት ሴቶች ይዋሻሉ? አይዋሹም። በእርግዝና ጊዜ መርገፍ የነበረበት ፀጉር ሳይረግፍ ይቆያል፤ ከወሊድ በኋላ ባሉት ጥቂት ወራት ያ ሁሉ ባንድ ላይ ይረግፋል፤ ከዚያም በአብዛኛው ሴቶች ዘንድ ዓመት ሳይሞላ በራሱ ይመለሳል። ከከባድ ሕመም፣ ከኃይለኛ ትኩሳት፣ ወይም ክብደት በድንገት ከመቀነስ በኋላም እንዲሁ ነው፤ መርገፉ የሚመጣው ከሁለት ከሦስት ወር በኋላ ስለሆነ ሰው መነሻውን ይረሳዋል። ሻጮቹ የሚደርሱት ልክ በዚህ ሰዓት ነው፤ ጊዜ የሠራውን ሥራ ብልቃጡ ይወስደዋል። የፀጉር ዕድገት በወር አንድ ሴንቲሜትር ገደማ መሆኑን ካወቃችሁ፣ በ15 ቀን ወገብ የሚደርስ ፀጉር የሚያሳየውን የማስታወቂያ ፎቶ ማመን አይቻልም።

ከሁሉ ያስቆጣኝ ግን የገንዘቡ ነገር አይደለም። የእህቴ ልጅ ድካም ስለተሰማት ሐኪም ዘንድ ሄዳ የእንቅርት ዕጢ ምርመራ ታዘዘላት። ውጤቱ ዕጢው ከመጠን በላይ እየሠራ እንደሆነ አሳየ። ሐኪሙ ግን የልብ ምቷ እንደማይፈጥን፣ እጇም እንደማይንቀጠቀጥ ሲያይ ከወረቀቱ ጋር አልገጥም አለው። «የምትወስጂው ቫይታሚን አለ ወይ?» ብሎ ጠየቃት። ብልቃጡን ስታሳየው አስቁሟት ከቀናት በኋላ ምርመራው ተደገመ፤ ውጤቱ ጤናማ ሆነ። ያንን ባይጠይቃት ለሌለባት በሽታ መድኃኒት ትጀምር ነበር፤ ያውም ጡት እያጠባች።

ምክንያቱ ይታወቃል። ብዙ የደም ምርመራዎች በአሠራራቸው ባዮቲንን ይጠቀማሉ፤ ደም ውስጥ ትርፍ ባዮቲን ሲኖር ውጤቱ ከእውነቱ በላይ ወይም በታች ይሆናል። የአሜሪካ የምግብና መድኃኒት አስተዳደር እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር በኅዳር 2017 ስለዚሁ ማስጠንቀቂያ አውጥቷል፤ የልብ ሕመምን የሚያሳየው የትሮፖኒን ምርመራ በሐሰት ዝቅ ብሎ ሊታይ እንደሚችልና የሞት አደጋም እንደደረሰ ገልጿል። ስለዚህ እንዲህ ያለ ክኒን የወሰዳችሁ ሁሉ ደም ከመስጠታችሁ በፊት ለሐኪሙም ለላቦራቶሪውም ተናገሩ፤ ከስንት ቀን በፊት ማቆም እንዳለባችሁም ጠይቁ።

«ቫይታሚን ምን ይጎዳል?» የሚሉም አሉ። ሬቲኖል የሚባለው የቫይታሚን ኤ ዓይነት በቀን ከ3,000 ማይክሮግራም ሲያልፍ ለጽንስ አደገኛ ነው፤ ሲበዛ ራሱ ፀጉር ያረግፋል። ሴሊኒየም የሚባለው ማዕድንም እንዲሁ ነው፤ በቀን የሚያስፈልገው 55፣ ሊታለፍ የማይገባው ደግሞ 400 ማይክሮግራም ነው። እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር በ2008 በአሜሪካ አንድ ፈሳሽ የምግብ ማሟያ በስህተት በማሸጊያው ላይ ከተጻፈው 200 እጥፍ ሴሊኒየም ይዞ ተሽጦ 201 ሰዎች ታመዋል፤ ብዙዎቹ ፀጉራቸው ረግፏል። ጽሑፉ ተፍቆ በሌላ ወረቀት የተሸፈነ ብልቃጥ ውስጥ ምን እንዳለ ማን ዋስ ይሆናል?

ፀጉራችሁ መርገፉን ካላቆመ በ7,500 ብሩ ፈንታ ሐኪም ዘንድ ሂዱ። የደም ማነስና የብረት እጥረት በሴቶች ላይ ብዙ ጊዜ የሚገኝ ምክንያት ነው፤ ሲረጋገጥም የሚታዘዘው ብረት እንጂ ባዮቲን አይደለም። ምግብ እንደበላችሁ ወዲያው ቡናና ሻይ አትጠጡ፤ ብረት ወደ ደም እንዳይገባ ያውካሉ። በግንባር ዙሪያ ብቻ የሳሳ ከሆነ ጠብቆ የተጎነጎነውን ሹሩባ አላሉት። የልጆች ቆረቆር ደግሞ ጤና ጣቢያ በሚታዘዝ መድኃኒት ይድናል። ለቆዳም ቢሆን፣ በደብረ ብርሃን ብርድና ንፋስ ለሚሰነጣጠቅ እጅና ፊት ከታጠቡ በኋላ እርጥበቱ ሳይደርቅ ቫዝሊን መቀባት ከዚህ ብልቃጥ ይሻላል።

ቀድማችሁ የገዛችሁ ካላችሁ ብልቃጡን አትጣሉት። የቴሌብር መልእክቱን፣ የተጻጻፋችሁትንና ማስታወቂያውን ፎቶ አንስታችሁ ያዙ፤ ሻጮቹ ማስታወቂያውን ቶሎ ቶሎ ያጠፋሉ። የኢትዮጵያ ምግብና መድኃኒት ባለስልጣን በ8482 ነጻ የስልክ መስመር ጥቆማ ይቀበላል፤ ገንዘቡን በተመለከተ ደግሞ ወደ ከተማችሁ ንግድ ጽሕፈት ቤት ሂዱ። የእህቴ ልጅ አቤቱታዋን በጽሑፍ አስገብታለች። ገንዘብ የላካችሁበትን ቁጥር ከማስረጃችሁ ጋር አያይዙት፤ የብዙ ሰው ገንዘብ ወደ አንድ ስም መግባቱ ከታየ ጉዳዩን ቀላል ነው ብሎ የሚያልፈው አይኖርም።