ጀስትአንሰር በመልስ ሰጪው ዓይን፦ ማንን ያዋጣል፣ ማንን ያደክማል

አሜሪካ ውስጥ የነርስነት ላይሰንስ፣ የኤ ኤስ ኢ የመካኒክነት ሰርተፊኬት ወይም የታክስ ባለሙያ ምዝገባ ያለው ሰው፣ ባለሙያዎች ለሰው ጥያቄ በክፍያ መልስ የሚጽፉበትን ድረ ገጽ ጀስትአንሰርን በትርፍ ሰዓቱ ቢሞክረው አይጸጸትም። ፈቃድ የሌለው ሰው ግን ጊዜውን ባይሰጠው ይሻላል። ስለ ድርጅቱ የሚጻፈው አብዛኛው ነገር ከጠያቂው ወገን ነው። ማታ ላፕቶፑን ከፍቶ መልስ ለሚጽፈው ሰው በአማርኛ የሚረዳ ጽሑፍ ማግኘት ስለሚከብድ እዚህ የምናየው በእሱ በኩል ነው።

ጀስትአንሰር እ.ኤ.አ. በ2003 አንዲ ከርትዚግ የመሠረተው፣ ዋና መሥሪያ ቤቱ ሳን ፍራንሲስኮ የሆነ ኩባንያ ነው። ጠያቂው ችግሩን ይጽፋል፣ ፐርል የተባለች አውቶማቲክ ረዳት ሁለት ሦስት ነገር ትጠይቀዋለች፣ ካርዱን ያስገባል፣ ከዚያ ጥያቄው በዘርፉ ወደተመዘገቡት ባለሙያዎች ይሄዳል። ባለሙያው ተቀጣሪ ሳይሆን በራሱ የሚሠራ ኮንትራክተር ነው። ደመወዝ የለውም፤ የሚያገኘው ከደንበኛው ክፍያ ድርሻውን ነው።

በጥያቄ መልስ መክፈል አዲስ ነገር አይደለም። ጉግል ራሱ እ.ኤ.አ. ከ2002 እስከ 2006 ጉግል አንሰርስ የሚባል አገልግሎት ነበረው። ጠያቂው ከ2 እስከ 200 ዶላር ዋጋ ይቆርጣል፣ መልስ ሰጪው 75 በመቶውን ይወስዳል፤ ሥራውን ከመጀመሩ በፊት ስንት እንደሚያገኝ ያውቅ ነበር ማለት ነው። ቻቻ ደግሞ በስልክ መልእክት ማንኛውንም ጥያቄ ይመልስ ነበር፤ ለመልስ ሰጪው በአንድ መልስ ከ10 እስከ 20 ሳንቲም ገደማ ይከፍል የነበረ ሲሆን እ.ኤ.አ. በ2016 ተዘጋ። ማንም ሊመልሰው የሚችል ጥያቄ ዋጋው ሳንቲም ነው። ቻትጂፒቲ ከመጣ ወዲህ ደግሞ ሳንቲምም አያወጣም፤ ቼግ የተባለው ለተማሪዎች የጥናት እገዛ የሚሸጥ ድርጅት በግንቦት 2023 ዋና ሥራ አስኪያጁ ይህንኑ ባመኑ ማግስት የአክሲዮኑ ዋጋ በአንድ ቀን ወደ ግማሽ ወርዷል። ጀስትአንሰር ላይ ዛሬም የሚሸጠው ሁለት ነገር ነው፦ በስሙ ተጠያቂ የሆነ ፈቃድ ያለው ሰው፣ እና መልሶ መጠየቅ የሚያውቅ ሰው።

ምዝገባው ላይ የእኛ ሰዎች የሚሰናከሉበት ቦታ አለ፤ ስም ነው። ድርጅቱ ፈቃድዎን ያጣራል። ላይሰንሱ ላይ የአያት ስም፣ መንጃ ፈቃዱ ላይ የአባት ስም፣ የባንክ ሒሳቡ ላይ ደግሞ በሌላ ፊደል የተጻፈ ስም ካለ ማመልከቻው ይንጠለጠላል። ቅጹን ከመሙላትዎ በፊት ስምዎን ፈቃድ ሰጪው ቦርድ ድረ ገጽ ላይ ፈልገው እዚያ የሚታየውን አጻጻፍ ፊደል በፊደል ይውሰዱ። ነርሶች ነርሲስ በተባለው የፈቃድ ማጣሪያ ላይ ራሳቸውን በነጻ ማየት ይችላሉ። የታክስ ባለሙያ ፒቲን የተባለው የታክስ አዘጋጅነት መለያ ቁጥሩ የዘንድሮ መሆኑን ያረጋግጥ፤ በየዓመቱ ይታደሳልና። ዘርፍ ሲመርጡ ጠባቡን ይምረጡ። «መኪና» ከማለት «ቶዮታ» ማለት ይሻላል፤ የሚመጣው ጥያቄ ቢያንስም የሚያውቁት ነው፣ ደንበኛው ለመልሱ የሚሰጠውን ኮከብ የሚያስገኘውም እሱ ነው።

ጥሩ መልስ ምን እንደሚመስል በአንድ ምሳሌ እንየው። ደንበኛ እንዲህ ብሎ ይጽፋል፦ «የ2008 ካምሪ፣ ባለ 4 ሲሊንደር። ቼክ ኢንጂን በርቷል፣ ኮዱ ፒ 0420 ነው። ካታሊቲክ ኮንቨርተር ልቀይር?» ኮንቨርተሩ የሞተሩን ጭስ የሚያጣራው ዕቃ ነው። ሰነፍ መልስ «አዎ፣ ኮዱ የኮንቨርተር ነው» ይላል። ይህን ስልኩም ይነግረዋል፤ ገንዘብ የሚያስከፍል መልስ አይደለም።

ባለሙያው በመጀመሪያ መልእክቱ አራት ነገር ይጠይቃል። ስንት ማይል ሄዷል? ሌላ ኮድ አብሮ አለ ወይ፣ በተለይ የሚስፋየር (ሲሊንደር ውስጥ ነዳጁ በትክክል ያለመቃጠል) ኮድ? በሁለት የዘይት ቅያሪ መካከል ስንት ኳርት ዘይት ይጨመራል? የሚኖሩት በየትኛው ስቴት ነው? አራቱም ምክንያት አላቸው። ሚስፋየር ካለ መጀመሪያ የሚጠገነው እሱ ነው፤ ያልተቃጠለ ነዳጅ አዲሱንም ኮንቨርተር ያቃጥለዋል። ዘይቱ ደግሞ የዚህ መኪና ታሪክ ነው። ከ2007 እስከ 2009 የተሠራው ባለ 2.4 ሊትር ካምሪ ዘይት በመብላት ይታወቃል፣ ምክንያቱም የፒስተን ሪንጉ ነው። ቶዮታ ራሱ ለምርመራ የተጠቀመበት መለኪያ በ1,200 ማይል 1 ኳርት ነበር። ከዚያ በላይ የሚበላ ሞተር ላይ አዲስ ኮንቨርተር መግጠም ገንዘብ ማቃጠል ነው፤ የዘይቱ ቅሪት መልሶ ይሸፍነዋል። ስቴቱ የሚጠየቀው ካሊፎርኒያና ኒውዮርክን የመሳሰሉት ካርብ በተባለው የካሊፎርኒያ የአየር ጥራት ቦርድ የጸደቀ ኮንቨርተር ስለሚጠይቁ ነው፤ ርካሹን ኢንተርኔት ላይ ገዝቶ የገጠመ ሰው ኢንስፔክሽን ላይ ይወድቃል።

መልሶቹ ከመጡ በኋላ ምርመራው በቅደም ተከተል ይጻፋል። ሞተሩ በደንብ ይሙቅ፣ በ2,500 ዙር ይያዝ፣ በስካነሩ የኋለኛው ኦክስጅን ሴንሰር ቮልቴጅ ይታይ። ብዙም ሳይነቃነቅ ከቆየ ኮንቨርተሩ ይሠራል። ከ0.1 እስከ 0.9 ቮልት ባለው መካከል ቶሎ ቶሎ የሚወጣና የሚወርድ ከሆነ ኮንቨርተሩ ኦክስጅን መያዝ አቁሟል። እዚህ ላይ ብዙ መልስ ሰጪ ይሳሳታል፦ «የፊቱንና የኋላውን አወዳድር» ይላል። በዚህ ካምሪ ላይ የፊተኛው ተራ ኦክስጅን ሴንሰር ሳይሆን የአየርና የነዳጅ ምጥጥን የሚለካው የኤር ፉል ሬሺዮ ሴንሰር ነው፤ ንባቡ ሌላ ስለሆነ ጎን ለጎን አይወዳደርም። ከዚያ ከኋለኛው ሴንሰር በፊት የጭስ ማውጫ ቀዳዳ አለመኖሩ ይታያል። በቀዝቃዛ ሞተር ሲነሳ የ«ቲክ ቲክ» ድምፅ ካለ ጋስኬቱ ይጠረጠራል፤ በቀዳዳው የሚገባው አየር ሴንሰሩን ያታልለዋል። የጠያቂው መኪና አዲስ ከሆነ ደግሞ የፌዴራል የልቀት ዋስትና ኮንቨርተሩን እስከ 8 ዓመት ወይም 80,000 ማይል ድረስ እንደሚሸፍን ይነገረዋል። ይህን ሳያውቁ ከኪሳቸው የሚከፍሉ ብዙ ናቸው፤ ይህች አንዲት ዓረፍተ ነገር ብቻዋን የአባልነቱን ክፍያ ታስመልሳለች።

ይህን የመሰለ መልስ በቻትጂፒቲ አስጽፎ መለጠፍ ቀላል ይመስላል። አያዋጣም። ደንበኛው ብዙ ጊዜ እሱን ጠይቆ ስላልረካ ነው የመጣው፤ ያንኑ መልስ ሁለተኛ ሲያየው በአንድ ኮከብ ይሸኝዎታል። ኮከቡ ደግሞ ጌጥ አይደለም፣ በመድረኩ ላይ የሚኖርዎትን ቦታ የሚወስን ነው።

አሁን ወደሚያስቆጣው ነገር። ብዙ ደንበኞች የሚገቡት በጥቂት ዶላር የሙከራ ክፍያ ነው፤ ካልሰረዙት በየወሩ የሚቆረጥ አባልነት ይከተላል። ገጹ ላይ ተጽፏል፣ ግን በጭንቀት ጥያቄ የሚጽፍ ሰው አያነበውም። በድርጅቱ ላይ ከሚነሱት ቅሬታዎች ዋናው ይኸው ነው፤ እኛም ከመድረኩ ጉድለቶች ሁሉ የምናስቀድመው እሱን ነው፤ ንዴቱ የሚወርደው በመልስ ሰጪው ላይ ስለሆነ። ደንበኛው «ለምን ቆረጣችሁብኝ?» ብሎ ሲመጣ አይከራከሩ፣ ድርጅቱን ወክለውም ይቅርታ አይጠይቁ፣ ገንዘብ እንደሚመለስም ቃል አይግቡ። «የአባልነቱን ጉዳይ የደንበኞች አገልግሎት ይፈታልዎታል፤ እኔ መኪናውን ልጨርስልዎ» ብሎ ወደ ሥራው መመለስ ይበቃል። ከዚህ የሚመነጭ ሌላም ችግር አለ፦ አባል የሆነ ሰው ደጋግሞ ይጠይቃል። አንድ ጥያቄ ለቀናት ተጎትቶ አምስት ስድስት ጊዜ ሊመልስዎት ይችላል። በጉግል አንሰርስ ጊዜ የጥያቄው ዋጋ ከፊት ለፊት ይታይ ነበር፤ በወርኃዊ አባልነት ግን የአንድ ጥያቄ ዋጋ ስንት እንደሆነ ለደንበኛውም ግልጽ አይደለም። ስለዚህ ውሉ ውስጥ ለእርስዎ ዘርፍ የተጻፈውን ድርሻ፣ ክፍያው መቼ እንደሚጸድቅና ደንበኛው ገንዘቡን ቢያስመልስ ምን እንደሚሆን ከመፈረምዎ በፊት ያንብቡ።

የሙያ ድንበርም አለ። ነርስ መረጃ ይሰጣል፣ ምርመራ አያውጅም። የደረት ሕመም ወይም የትንፋሽ ማጠር ከተነገረዎት የመጀመሪያው መስመር 911 መሆን አለበት፤ ከዚያ በፊት ሌላ ነገር አይጻፍም። የሆስፒታልዎን ሕመምተኛ በምሳሌነት እንኳ አይጥቀሱ፤ የአሠሪዎን የትርፍ ሥራ ደንብም አስቀድመው ይመልከቱ። የኢሚግሬሽን ጥያቄ ከመጣ፣ ጠያቂው ሐበሻ ቢሆንና አንጀትዎን ቢበላውም፣ ይለፉት። የኢሚግሬሽን የሕግ ምክር መስጠት የሚችለው ጠበቃ ወይም በፍትሕ ሚኒስቴር ዕውቅና ያለው ተወካይ ብቻ ነው። የተሳሳተ ምክር የሰው ጉዳይ ያበላሻል፣ በእርስዎም ላይ ክስ ያመጣል።

ገንዘቡን ለማስላት ቁጥሩን በምሳሌ እንውሰድ፤ የእርስዎን በቦታው ይተኩ። በሦስት ሰዓት 7 ጥያቄ ያዙ እንበል፤ ሁለቱ ደንበኞች ጠፉ፣ አምስቱ በ8 ዶላር ድርሻ ከፈሉ። 40 ዶላር ነው፣ በሰዓት 13 ዶላር ከ33 ሳንቲም። ዋሽንግተን ዲሲ ላይ በሐምሌ 2025 ዝቅተኛው የሰዓት ክፍያ 17 ዶላር ከ95 ሳንቲም ነበር። ገና ታክሱ አልተነሳም። በራሱ የሚሠራ ሰው የሶሻል ሴኩሪቲውንና የሜዲኬሩን ሁለቱንም ወገን ራሱ ስለሚከፍል 15.3 በመቶው በትርፉ 92.35 በመቶ ላይ ይሰላል። ከ40 ዶላሩ 5 ዶላር ከ65 ሳንቲም ይሄዳል፣ በሰዓት የሚቀረው 11 ዶላር ከ45 ነው፤ ተራው የገቢ ግብር ከዚህ በኋላ ነው። ስለዚህ ሌላ ፈረቃ መጨመር ለሚችል ሰው ፈረቃው ያሸንፋል። ከቤት መውጣት ለማይችል፣ ልጅ ተኝቶለት ሁለት ሰዓት ላለው፣ ጉልበቱ ወይም ወገቡ ለቆመበት መካኒክ ግን ስሌቱ ይለወጣል። ቁጥሩ ከፍ የሚለው ጥያቄ መምረጥ ሲለመድ ነው፤ ፎቶ፣ የመኪና ዓመትና የኮድ ቁጥር ይዞ የመጣ ጥያቄ ይያዝ፣ «መኪናዬ ድምፅ ያሰማል» የሚለው ለሌላ ይተው።

ለታክሱ በመዝገብ ሥራ ይጀምሩ። ከዓመቱ ትርፍዎ 400 ዶላር ሲሞላ የራስ ሥራ ታክሱ ይጀምራል። የኮንትራክተር ገቢን የሚያሳየው የ1099 ኤንኢሲ ቅጽ የሚላክበት መጠን ለ2026 ክፍያዎች ከ600 ወደ 2,000 ዶላር ከፍ ብሏል፤ ነገር ግን ቅጹ ባይመጣም ገቢው ስኬጁል ሲ በተባለው የራስ ሥራ ገቢና ወጪ ቅጽ ላይ ይጻፋል። መካኒኩ አልዳታ ለተባለው የመኪና ጥገና መረጃ አገልግሎት የሚከፍለው፣ ነርሷ ለላይሰንስ ዕድሳት የምትከፍለው ከዚያው ላይ ሊቀነስ ይችላል። ዕዳው 1,000 ዶላር የሚደርስ ከመሰለ በሩብ ዓመት ክፍያ ይላካል፦ ኤፕሪል 15፣ ጁን 15፣ ሴፕቴምበር 15 እና ጃንዋሪ 15። ሜዲኬይድ ወይም የምግብ ድጎማ የሚቀበል ቤተሰብ ይህን ገቢ ማሳወቅ አለበት። በኤፍ 1 ቪዛ ያለ ተማሪ ያለ ሥራ ፈቃድ አይግባበት፤ ከቤት በኢንተርኔት መሠራቱ ሥራ ከመሆን አያድነውም።

አዲስ አበባ ወይም ባሕር ዳር ሆነው ለሚጠይቁ፦ ይህ በር ለእናንተ የተከፈተ አይደለም። ማጣሪያው የሚቆመው ድርጅቱ በሚሠራባቸው አገሮች ፈቃድ ላይ ነው፤ ኢትዮጵያ ውስጥ የተከፈተ ፔይፓል ደግሞ ገንዘብ አይቀበልም። የጥያቄና መልስ ድረ ገጹ ኮራም አማራጭ አይሆንም። እ.ኤ.አ. በ2018 የጀመረው የክፍያ ፕሮግራሙ ይከፍል የነበረው ለጠያቂ እንጂ ለመላሽ አልነበረም፤ በኋላ የመጣው የኮራ ፕላስ ክፍያ የሚያልፈው ስትራይፕ በተባለው ክፍያ አስተላላፊ ነው፣ ስትራይፕ ደግሞ ኢትዮጵያ ውስጥ አይሠራም። በዚህ ክፍተት ነው ቴሌግራም ላይ «የተረጋገጠ አካውንት እናከራያለን» የሚሉት የሚገቡት። መጀመሪያ የመመዝገቢያ ይጠይቃሉ፣ ከዚያ የማስያዣ፣ ከዚያ ይጠፋሉ። ባይጠፉም እንኳ አካውንቱ የሌላ ሰው ስም ነው፤ የሠሩበት ገንዘብ በማንኛውም ቀን ሊታገድ ይችላል፣ ተይዞም የማን ነው ብለው መጠየቅ አይችሉም። አሜሪካ ያለ ዘመድም «አንተ ክፈትልኝ፣ እኔ እመልሳለሁ» ሲባል እሺ አይበል፤ ገቢው በእሱ ሶሻል ሴኩሪቲ ቁጥር ይመዘገባል፣ በላይሰንሱ ስም የወጣው የተሳሳተ መልስም ቦርዱ ፊት የሚያቆመው እሱን ነው።