የኮምፒውተር ክፍላችንን ከመጋዘንነት ላወጣችልን ባለሙያ

ሐዋሳ፣ ወደ ቱላ በሚወስደው መንገድ በኩል ባለ አንድ የመንግሥት ሁለተኛ ደረጃ ትምህርት ቤት የወላጆች ኮሚቴ አባል ነኝ። ይህን የምጽፈው አንዲት የኮምፒውተር ጥገና ባለሙያ እኅታችንን ለማመስገንና ለሌሎች ትምህርት ቤቶች ለመጠቆም ነው። ስሜ አይጻፍ ስላለች አልጽፈውም።

ከእሷ በፊት የመጣ ሁሉ መጋዘን በሆነው ክፍላችን የተከማቹትን የተበላሹ ኮምፒውተሮች ከበር ቆሞ አይቶ «አርጅተዋል፣ አዲስ ግዙ» እያለን ሄዷል። በምን ገንዘብ? እሷ ግን ፈታቻቸው። አቧራውን በቀለም ብሩሽ አራገፈች፤ የራሙን (ኮምፒውተሩ ሲሠራ መረጃ ለጊዜው የሚይዝበትን ሰሌዳ) ወርቃማ ጥርስ በተማሪ ላጲስ አሸት አሸት አድርጋ መልሳ ሰካች፤ ሰዓትና ቀን አልይዝ ያሉትን ሳንቲም በምታክል ባትሪ አዳነች። ፓወር ሰፕላያቸው፣ ማለትም ኤሌክትሪክ የሚያድላቸው ክፍል፣ ለተቃጠለባቸው ከማይድኑት ኮምፒውተሮች ነቅላ ተካች። የመብራታችንን ጠባይ ስለምታውቅም የመብራቱን ከፍና ዝቅ ማለት የሚያመጣጥን ስታቢላይዘር እስኪገዛ አንዱንም አላበራም ብላ ድርቅ አለች።

ኢንተርኔት የለንም። ስለዚህ ራስበሪ ፓይ በምትባል፣ መዳፍ ላይ በምታርፍ ኮምፒውተር ኮሊብሪ የተባለውን ነጻ ሶፍትዌር ጫነችልን። ትምህርቱ አንዴ ከተጫነ ተማሪው በክፍሉ ዋይፋይ፣ ጥቅል ሳይገዛ፣ ቪዲዮውንም መልመጃውንም ይከፍታል። በ1990ዎቹ መጨረሻ በፕላዝማ የተማርን እናስታውሳለን፤ በሳተላይት የሚመጣው መምህር ገባንም አልገባንም ይነጉድ ነበር። እዚህ ልጁ ራሱ ያቆመዋል፣ ወደ ኋላ ይመልሰዋል። የጫነችው ትምህርት አብዛኛው እንግሊዝኛ በመሆኑ ለ9ኛ ክፍሎች ይከብዳል፤ ይህንንም ከመጀመሪያው ነግራናለች።

እኔ ግን ከሁሉ አብልጬ የማመሰግናት ለኮምፒውተር ክፍሉ ወረፋ ነው። ኮሚቴው ልጆቹ በውጤት ቅደም ተከተል ይግቡ ሲል «ቤታቸው ስማርት ስልክ የሌላቸው ይቅደሙ» አለች። ጠጋኝ ወረፋ ማውጣት ምን አገባት ያለም ነበር። ክርክሩ ግን በእሷ አሸናፊነት አለቀ። የ12ኛ ክፍል ፈተና ከ2016 ዓ.ም. ጀምሮ በኮምፒውተርም መሰጠት ጀምሯል፤ ማውስ ነክቶ የማያውቅ ልጅ ፊዚክሱ ጋር ሳይደርስ ከማውሱ ጋር ሲታገል ሰዓቱ ይሄድበታል። አንዲት ልጅ መጀመሪያ ቀን ማውሱን ከጠረጴዛው አንስታ ስክሪኑ ላይ ስታስጠጋው አይቻለሁ። አሁን የመረጠችውን መልስ ትቀይራለች፣ የዘለለችውን ጥያቄ ተመልሳ ትሠራለች።

ከመሄዷ በፊት ለአይሲቲ መምህራችንና ለጥቂት ተማሪዎች የጥገናውን ሥራ አሳይታለች። ቀላል ብልሽት ሲያጋጥም አሁን እነሱው ይፈቱታል።

ርዕሳነ መምህራን፣ የተቆለፈ የኮምፒውተር ክፍል ካላችሁ አዲስ ከመግዛታችሁ በፊት እሷን አስጠሩ። በግል ጻፉልኝ፤ አስፈቅጄ አገናኛችኋለሁ። ስትመጣ ዕቃውን በሙሉ አሳዩአት፣ «የማይሠራ» ብላችሁ የጣላችሁትንም ጭምር። ስታቢላይዘር ከሌላችሁ ደግሞ ቀድማችሁ ግዙ፤ በዚህ ጉዳይ አትለመንም።